ዜናው የዘገየባት ከተማ

ሀዋሳ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ ስለራሷ የሚነገረውን የምትሰማው ከሌላ ቦታ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ተነስቶ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድ ከተማዋ ጋዜጣም ሬዲዮ ጣቢያም አልነበራትም። አዲስ ዘመን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመጣ ነበር። ሬዲዮ ያለው ሰው የመንግሥቱን ጣቢያ ያዳምጣል፤ ከ1955 ጀምሮ ብስራተ ወንጌልን፣ ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የጀርመን ድምፅን በአማርኛ ይሰማል። የሀዋሳውን የታቦር ተራራ ግርጌ ያየ ጋዜጠኛ እምብዛም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሀዋሳ የደረሰውን መከራና የተገኘውን መልካም ነገር ስከታተል የማየው አንድ ክር ይህ ነው፦ ሰዎች ስለራሳቸው ጉዳይ የታመነ ዜና በጊዜው ሲያጡ በቦታው የሚገባው ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ የሚቀረጸው በሰሚው ፍርሃትና ወገንተኝነት ነው።

ዜና የሕዝብን አስተያየት ምን ያህል እንደሚገለብጥ አገሩ ሁሉ ያየው በመስከረም 1967 ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የተነሳውን ረሃብ ቀርጾ ያዘጋጀው ፊልም በ1966 መጀመሪያ በእንግሊዝ ታይቶ ነበር። ደርግ ይህንኑ ፊልም ወስዶ ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከድግስ ምስሎች ጋር ቀጣጠለውና መስከረም 1 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። የተራበው ሕፃን እውነት ነበር፤ የድግሱ ገበታም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ዓላማውም ተመልካቹ የቱን ከየቱ ቀጥሎ እንደሚያይ ወሰነ። ቴሌቪዥን በዚያ ዘመን በዋናነት የአዲስ አበባ ስለነበር በሀዋሳ ይህ ታሪክ የደረሰው በሬዲዮና ከአዲስ አበባ በተመለሱ ሰዎች አንደበት ነው። ያላዩትን ፊልም እንዳዩት አድርገው የሚያወሩ ብዙዎች ነበሩ።

ደርግ ሥልጣን እንደያዘ የሚሰማው ድምፅ አንድ ሆነ። ብስራተ ወንጌል በ1969 ተወረሰና የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። ሕዝቡም ሁለት ዜና መያዝ ለመደ፤ አንዱን በአደባባይ የሚያጨበጭብለት፣ ሌላውን በሹክሹክታ የሚያምነው። "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት" የሚለው አባባል በዚያ ዘመን የመትረፊያ ጥበብ ነበር። ጉዳቱ ግን ከሥርዓቱ ዕድሜ በላይ ቆየ። በይፋ የተነገረውን ሁሉ ውሸት፣ በጆሮ የተነገረውን ሁሉ እውነት አድርጎ መውሰድ የብዙ ሰው ልማድ ሆኖ ቀረ።

ከ1983 በኋላ ሀዋሳ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ ሆነች። 56 ብሔረሰቦች ጉዳያቸውን ይዘው የሚመጡባት፣ በጀት የሚደለደልባት፣ ሹመት የሚሰጥባት ከተማ። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ሲወጣ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ፤ የፈሉት ግን አዲስ አበባ ነው። የደቡብ ጉዳይ በጋዜጦቹ ላይ የሚወጣው ሰው ሲሞት ወይም ባለሥልጣን ሲባረር ነበር። የክልሉ መንግሥት በ1992 ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ "ወጋጎዳ" በሚል ያዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ውሳኔው ሀዋሳ ላይ በቢሮ ውስጥ ተወሰነ፤ ልጆቹን የሚያስተምረው ሕዝብ ስለ ጉዳዩ በሚሰማው ሚዲያ ሳይከራከርበት መጽሐፉ ክፍል ገባ። ወላይታ ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ። አስቀድሞ በሬዲዮ ለጥቂት ሳምንታት በግልጽ ቢመከርበት ኖሮ ክርክሩ በጥይት አይጠናቀቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብዙም ሳያልፍ ሎቄ መጣ።

በ1994 የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ከሲዳማ ዞን ተለይቶ ሌላ ቦታ ሊይዝ ነው የሚለው ዕቅድ መሰማት ጀመረ። ለሲዳማ ገበሬ ይህ ከርስቱ መሀል ዋናው ተቆርጦ ይወሰዳል ማለት ነበር። ለክልሉ መንግሥት ደግሞ የብዙ ብሔረሰቦች መዲና የሆነችን ከተማ የማስተዳደር ጉዳይ ነበር። ሁለቱም አስተያየት በአደባባይ ሊቀርብና ሊመዘን የሚችል ነበር፤ የተመዘነበት አደባባይ ግን አልነበረም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ከከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ከሎቄ የተነሳ ሰልፍ ወደ መሀል ከተማው አቀና። ሰልፈኞቹ መሣሪያ አልያዙም። የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ። ሰው ወደቀ።

በዚያ ዕለት የሆነው ከሆነ በኋላ የተጀመረው የቁጥር ሙግት እስከ ዛሬ አልተቋጨም። መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር ከ20 በታች ነበር። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች 25 እና ከዚያ በላይ ብለው ጻፉ። ከሲዳማ ወገን የሚነገረው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የነገሩን ሁከት ማስነሳት አድርገው አቀረቡት፤ ከሟቾቹ ቤት ሄዶ የአንዲት እናት ቃል ያሰማ አልነበረም። በአዲስ አበባ የሚታተሙት የግል ጋዜጦች ዜናውን አወጡ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም መግለጫ አወጣ፤ ግን ጋዜጣውም መግለጫውም ከተጎጂው ቋንቋና ከመንደሩ ርቀው ቀሩ።

የክልሉ ፕሬዝዳንት በጊዜው የወላይታ ተወላጁ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የሲዳማው አቶ አባተ ኪሾ ከአንድ ዓመት በፊት ከሥልጣን ተነስተው ታስረዋል። የታመነ ዘገባ ቢኖር ኖሮ ሰው የሚጠይቀው "ትእዛዙን ማን ሰጠ? ተኩሱን ማን ጀመረ?" የሚለውን ይሆን ነበር። ዘገባው ስለጠፋ ጥያቄው ተቀየረና "ሹሙ የማን ልጅ ነው?" ሆነ። የአንድ መንግሥት ጥፋት የአንድ ሕዝብ ጥፋት ተደርጎ በብዙ ቤት ውስጥ ተተረከ። ሀዋሳ ሜዳ ላይ አብረው ኳስ የሚጫወቱ፣ በአሞራ ገደል አንድ ዓሣ የሚካፈሉ የሲዳማና የወላይታ ልጆች ስለ አንድ ቀን ሁለት የተለያየ ታሪክ እየሰሙ አደጉ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዝም ያለው ሚዲያ ሰላም የጠበቀ መስሎት ነበር። ያቆየው ግን ቂም ነው።

በ1997ቱ ምርጫ ማግስት አገሪቱ በሙሉ ያንኑ የቁጥር ሙግት ገጠማት። በሰኔና በጥቅምት በተነሳው ሁከት የተገደሉትን እንዲያጣራ የተቋቋመውን ኮሚሽን የመሩት የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ናቸው። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ደረሰበት። ሰብሳቢው መንግሥት የተጠቀመው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር የሚለውን ድምዳሜ እንዲለውጡ ጫና እንደደረሰባቸው ተናግረው ሰነዱን ይዘው ከአገር ወጡ። ቀደም ሲል በይፋ ሲነገር የነበረው የሟቾች ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። በዚያው ወቅት የግል ጋዜጦች አዘጋጆች ታሰሩ፣ ብዙ ጋዜጦች ተዘጉ። ከሀዋሳ የመጣ ዳኛ አንድ በአንድ የቆጠረውን ቁጥር ሀዋሳ የሰማችው ከባሕር ማዶ ሬዲዮ ነው።

ከዚያ ስልኩ መጣ። በ1999ኙ ቆጠራ ከ157 ሺህ በላይ ነዋሪ የነበራት ከተማ በአሥር ዓመት ውስጥ መልኳ ተቀየረ፤ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ተመረቀ፣ ወጣቱም ፌስቡክ ከፈተ። የክልሉ የራሱ ብሮድካስት ድርጅት፣ ደቡብ ኤፍ ኤም 100.9ም፣ ሥራ ላይ ነበር። በብዙ ቋንቋ ማሰራጨቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ሥራ ማቃለል አልፈልግም። ይሁንና የሹማምንትን ስብሰባ በአሥር ቋንቋ መዘገብ ሕዝቡ የሚከራከርበትን ጉዳይ ከመዘገብ ጋር አንድ አይደለም። ወጣቱ ጥያቄውን የወሰደው የሚመልስለት ወዳለበት፣ ወደ ስልኩ ነው።

በ2010 የአገሪቱ በር በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ጋዜጠኞች ከእስር ተፈቱ፤ ታግደው የነበሩ ከ200 በላይ ድረ ገጾችና የውጭ ቴሌቪዥኖች ተለቀቁ። ደስታው እውነተኛ ነበር። ግን ለዓመታት የታፈነ ወሬና ቂም ከነፃነቱ ጋር አብሮ ተለቀቀ፤ ሁለቱን የሚለይ፣ የሚያጣራና የሚያርም የዜና ክፍል በየከተማው አልነበረም።

ሰኔ 2010 የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ነበር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ይህ በዓል በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ አያንቶዎች ከዋክብት ቆጥረው ቀኑን ያሳውቃሉ፣ ሕዝቡም ወደ ጉዱማሌ ይተምማል። በዚያ ዓመት ግን በዓሉን ተከትሎ በሀዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሳ። ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ቁጣው ወደ ወላይታ ሶዶ ተሻገረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ሀዋሳ መጥተው ከነዋሪዎች ጋር ተነጋገሩ፣ የየዞኖቹ አመራሮችም በፈቃዳቸው እንዲለቁ ጠየቁ። ከ1994 ጀምሮ በሁለት ቤት ሲተረክ የኖረው ታሪክ መንገድ ላይ የተገናኘው ያን ጊዜ ነው።

ሰው ወሬን እንዴት እንደሚቀርጽ ለመረዳት አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን ያደረጉት ሙከራ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባቡር ውስጥ ቆመው የሚነጋገሩ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሰው የሚታዩበትን ሥዕል ለአንድ ሰው ያሳያሉ። ምላጭ የያዘው ነጩ ነው። ያየው ለሁለተኛው ይነግራል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከሙከራዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት፣ በአንዱ ተናጋሪ ላይ ሲደርስ፣ ምላጩ ከነጩ እጅ ወጥቶ ጥቁሩ እጅ ውስጥ ገባ። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። እያንዳንዱ ሰው የሰማውን አስቀድሞ ከሚያምነው ጋር አስማማ። ሊቃውንቱ በ1947 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ የወሬ ኃይል በሁለት ነገር ብዜት እንደሚለካ ጻፉ፤ ጉዳዩ ለሰሚው ባለው ክብደትና ነገሩ በተድበሰበሰበት መጠን። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ወሬ አይኖርም። ለሀዋሳ ሰው የከተማዋ ዕጣ ክብደቱ ከፍተኛ ነው፤ ያንን መቀነስ አይቻልም። መቀነስ የሚቻለው መድበስበሱን ነው፤ እሱ ደግሞ የዜና ሥራ ነው።

ከፍቼው ግጭት ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2010፣ ከሀዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሻሸመኔ ለአቀባበል በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ ተነዛ። ሰውየው በመንጋ ተደብድቦ ተገደለ፤ አስከሬኑም በአደባባይ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ። ቦምብ አልነበረም። ምስሉ በሰዓታት ውስጥ በስልኮች ላይ ዓለምን ዞረ። በዚያው ዓመት የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በትዊተር ላይ የተሰራጩ 126 ሺህ ያህል ታሪኮችን መርምረው ሐሰተኛ ዜና ከእውነተኛው ይልቅ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ልዩነቱን የፈጠሩትም ማሽኖች ሳይሆኑ ሰዎች መሆናቸውን አስታወቁ። ሻሸመኔ ላይ ግን በይነመረብ እንኳ አላስፈለገም፤ ከጆሮ ወደ ጆሮ ያለው ርቀት በቂ ነበር።

ከሻሸመኔው ግድያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2010፣ የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ራሱን የቻለ ክልል ለመሆን ጥያቄ አጸደቀ። ሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲካሄድ ያዛል። ዓመቱ የሚሞላው በ11ኛው ወር፣ በ11ኛው ቀን፣ በ2011 ነው። ከዚህ በላይ ለመፈክር የሚመች ቀን አይገኝም፤ "11/11/11" ኤጄቶ በሚባሉት የሲዳማ ወጣቶች ልብስ ላይ፣ በግድግዳ ላይ፣ በየስልኩ ተጻፈ። ዓመቱን ሙሉ ጥያቄው ሲንከባለል ሕዝቡ የሚሰማው የተለያየ ነገር ነበር። አንዱ ገጽ "ቀኑ ሲደርስ እናውጃለን" ይላል፤ ሌላው "ሀዋሳ ልትሸጥ ነው" ይላል፤ የሲዳማ ያልሆኑ ነዋሪዎች በሚያነቡት ገጽ ላይ ደግሞ "ልትባረሩ ነው" የሚል ይመጣል። በከተማዋ የሚኖሩት አማራው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው ሁሉ የየራሱን ገጽ ያነባል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ማታ በየስልካቸው ላይ የተለያየች ሀዋሳ ያዩ ነበር።

ቀኑ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐምሌ 8፣ ምርጫ ቦርድ ሕዝበ ውሳኔውን በአምስት ወር ውስጥ እንደሚያካሂድ አሳወቀ። ውሳኔው ምክንያታዊ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዜናው ግን እጅግ ዘግይቶ መጣ። ዓመት ሙሉ በተስፋ የተሞላን ወጣት በሦስት ቀን ማረጋጋት ከባድ ነው። የሲዳማ ነፃነት ንቅናቄ መሪዎች መዘግየቱን መቀበላቸውን በመጨረሻው ሰዓት ሲያሳውቁ ብዙ ቦታ ቃሉ ከመድረሱ በፊት ሰው ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 11 ጠዋት በሀዋሳ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ፤ አስለቃሽ ጋዝ ተተኮሰ፤ ጥይትም ተተኮሰ።

በሚቀጥሉት ቀናት ግጭቱ ከሀዋሳ ይልቅ በሲዳማ ወረዳዎች በረታ። በሀገረ ሰላምና በሌሎች ከተሞች የሌሎች ብሔረሰብ ተወላጆች ቤትና ሱቅ ተቃጠለ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ጉዳት ደረሰባቸው። በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የተገደሉ ነበሩ፣ በመንጋ የተገደሉም ነበሩ። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ተናጋሪው ከአሥራዎቹ እስከ ከ50 በላይ ተባለ፤ ሎቄ ላይ የተጀመረው ሙግት ከ17 ዓመት በኋላ በዚያው በሲዳማ ተደገመ። ክልሉም በኮማንድ ፖስት ሥር ወደቀ።

ኢንተርኔቱን ያቋረጠው ወገን ወሬ ለማስቆም ብሎ ነው። ስልክ ግን ይሠራ ነበር፤ የሰውም እግር ይሠራ ነበር። የቆመው ማጣራት ነው። አለታ ወንዶ ያለ ወንድም ሀዋሳ ያለች እህቱ መትረፏን በፎቶ ማየት አልቻለም፤ ጋዜጠኛ ያየውን መላክ አልቻለም፤ ሐሰተኛ ፎቶ ያየ ሰው የሚያስተባብልለት አጣ። በኦልፖርትና በፖስትማን ስሌት ከሄድን፣ ክብደቱ ጫፍ በደረሰበት ቀን መድበስበሱንም ጫፍ አደረሰው። ይህ የሆነው የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በአዲስ አበባ በክብር ከተከበረ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

በዚያው ሰሞን የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ሥርጭት ተቋረጠ፣ ኃላፊዎቹም ታሰሩ። ጣቢያው በሲዳምኛ የሚናገር፣ የክልልነቱን ጥያቄ የደገፈ ነበር። ወገንተኛ ነበር? አዎ፣ ወገንተኛ ነበር፤ የአንድን ሕዝብ ጥያቄ ይዞ የተነሳ ጣቢያ የሌላውን ነዋሪ ሥጋት በእኩል አያሰማም። ወገንተኛ ጣቢያ የሚታረመው ግን ሌላውን ድምፅ በሚያቀርብ ጣቢያና በፍርድ ቤት ነው። የተዘጋው ጣቢያ ወጣቱ በቋንቋው የሚያምነው ብቸኛ ድምፅ ነበርና "መዘግየቱን ተቀበሉ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ" የሚል ቃል ሊያደርስ የሚችለውም እርሱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው አራት ወር በሀዋሳ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። ምርጫ ቦርድ ሕዝበ ውሳኔውን ለኅዳር 3 ቀን 2012 ቀጠረ፣ ከዚያም በአንድ ሳምንት አራዝሞ ኅዳር 10 አደረገው። ልብ በሉ፤ በሐምሌ መራዘም የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ጉዳይ በኅዳር እንደገና ተራዘመ። ማንም ድንጋይ አላነሳም። ያውም በጥቅምት ወር በኦሮሚያ፣ ሌሊት በፌስቡክ ስለ አንድ የፖለቲካ ሰው ጠባቂዎች መነሳት የወጣ መልእክትን ተከትሎ በተነሳው ሁከት 86 ሰዎች መሞታቸው ገና ከሰው አእምሮ ሳይጠፋ ነው።

የተለየው ምን ነበር? ቀን ተቆርጦ ነበር፤ የጊዜ ሰሌዳው በየደረጃው ለሕዝብ ይነገር ነበር፤ ለምን እንደተራዘመም በወቅቱ ተገለጸ። በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ቦርድ በመግለጫዎቹ የሚለውን በማግስቱ ሲያደርግ ሰው አየ። በሀዋሳ ጉዳይ የሌሎች ነዋሪዎች መብት እንዴት እንደሚጠበቅና ንብረት እንዴት እንደሚካፈል የክልሉ ምክር ቤት አስቀድሞ በሕግ ወሰነ። የአገር ሽማግሌዎቹም ሥራቸውን ሠሩ። ሲዳማ ለዚህ አፊኒ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለው። ነገር ሲነሳ ጭሜሳዎች (ሽማግሌዎቹ) በሶንጎ (በሸንጎ) ይቀመጣሉ፤ ጉዳዩን የሰማ የሰማውን፣ ያየ ያየውን በየተራ ይናገራል፤ ሁሉም ሳይሰማና እውነቱ ሳይለይ ማንም ለእርምጃ አይነሳም። አንድ ዜና ክፍል ሊኖረው የሚገባው ሥነ ምግባር በሙሉ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አለ። ሀዋሳ ላይ የሚሠራ ጋዜጠኛ የማጣራት ትምህርቱን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገውም።

ኅዳር 10 ንጋት ላይ ከ1,600 በላይ በሆኑ የምርጫ ጣቢያዎች ሰልፍ ተያዘ። ክልል ይሁን ያለ በሻፌታ ምልክት፣ በነባሩ ክልል ይቀጥል ያለ በጎጆ ምልክት ድምፁን ሰጠ። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ቦርዱ 98.5 በመቶ ለሻፌታ መስጠቱን አወጀ። ጎጆን የመረጡት ሥጋታቸውን በድፍረት በአደባባይ ለመናገር ምቹ ሁኔታ እንዳልነበራቸው መናገር ተገቢ ነው፤ የአንድ ወገን ደስታ በጎላበት ከተማ ውስጥ የጥቂቶቹ ድምፅ በየቤቱ ቀርቷል፣ ሚዲያውም ፈልጎ አላወጣውም። ይህ ጉድለት ነው። ግን ቀኑ ያለ ደም አለፈ። ሰኔ 11 ቀን 2012 ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆኖ ሥልጣን ተረከበ።

ከዚያ 11 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 22 ማታ፣ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ ሻሸመኔ ነደደች። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። በመጋቢት የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ገና ሦስት ወሩ ነበር። ሕጉ የተናገረውን ሰው ይቀጣል፤ ዝም ያለውን ተቋም አይጠይቅም። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹ ኃላፊነትም እንዲሁ ሳይጠየቅ ከርሞ ጥያቄው የተነሳው በሌላ አገር ፍርድ ቤት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ፎቶአቸውና አድራሻቸው በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በደጃፋቸው ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክሱ ከሚያነሳቸው ነጥቦች አንዱ ኩባንያው በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚወጣውን የጥላቻ መልእክት የሚቆጣጠር በቂ የሰው ኃይል አልመደበም የሚል ነው። ለአማርኛ ይህ ከሆነ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በጌዴኦኛ የሚጻፈውን ማን እያነበበው እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

የደቡብ ክልልም በ2015 መጨረሻ ፈርሶ በአዳዲስ ክልሎች ተተካ። ሀዋሳ የ56 ብሔረሰቦች መዲና መሆኗ አበቃ፤ የእነዚያ ብሔረሰቦች ልጆች ግን አሁንም ነዋሪዎቿ ናቸው፤ ሱቅ ይከፍታሉ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ይሠራሉ፣ በገብርኤል አደባባይ ይገናኛሉ። በየቋንቋቸው የሚሰሙት ዜና የሚሰበሰብበት ቦታ ግን ወደየ አዲሶቹ መዲናዎች ሄዷል። ጎረቤቱን የሚያውቅበት የጋራ ጣቢያ ያልነበረው ነዋሪ ዛሬ ጎረቤቱ ከቀድሞው ይልቅ ሊርቀው ይችላል የሚል ሥጋት አለኝ።

በየዓመቱ ግንቦት 16 ሲደርስ የሎቄ ሟቾች ይታሰባሉ። የሚነገረው ቁጥር ግን ዛሬም እንደ ተናጋሪው ነው። ስለዚህ በሀዋሳ ለሚገኙ የሚዲያ ተቋማት፣ ለዩኒቨርሲቲው የጋዜጠኝነት መምህራንና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የ1994ቱን፣ የ2010ሩንና የ2011ዱን ሟቾች የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የአማራ፣ የጉራጌ ሳትሉ በስም፣ በዕድሜና በአሟሟት ሁኔታ መዝግቡ። የቤተሰቦቻቸውን ቃል በየቋንቋቸው ቅረጹ፤ ትእዛዝ የሰጡትን ባለሥልጣናትም ጠይቁ፤ መልስ ካልሰጡ አለመስጠታቸውን ጻፉ። ሰነዱን በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በአማርኛ አሳትሙት። ምስክሮቹ እያረጁ ነው፤ ሥራው ዘንድሮ ይጀመር።